ዶቅዶቄ ሲወድቅ

ሞተሩ የወደቀው በቆመበት ነው። ማንም አልነዳውም፣ ማንም አልገጨውም። ያለፈው ነሐሴ ነበር። ልጄ ማታ ከሥራ መጥቶ እንደ ወትሮው ደጃፋችን ላይ አቆመውና ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ሲያወርደው አደረ፤ የጎን መቆሚያው ያረፈበት አፈር ራሰና ሰጠመ። ሊነጋጋ ሲል የብረት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፤ እዚህ የወደቀ ነገር በወደቀበት አይቀርም። ጋቢዬን ደርቤ ስወጣ ሞተሩ በግራ ጎኑ ተኝቶ፣ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራቶ፣ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተላትሞ አገኘሁት። ከሰልባትዮው ክዳን የሚንጠባጠበው ቤንዚን ጭቃው ላይ ቀስተ ደመና ሠርቶ ቁልቁል ይወርዳል።

ከልጄ ጋር አንስተን አቆምነው። የግራ ስፖኪዮው ተሰብሯል። ፍሬቻው በሽቦው ተንጠልጥሏል። የፍሪሲዮን እጀታው እንደ ማጭድ ጎብጧል፤ የማርሽ ፔዳሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሞተሩን ሽፋን ነክቷል፤ ሰልባትዮው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያስተኛ ስርጉድ አለ። ከሁሉም የከፋ የመሰለን ግን መሪው ነው። ጎማው ፊት ለፊት እያየ መሪው ወደ ቀኝ ዞሯል። ልጄ ፊቱ ጠቆረ። ያ ሞተር የሚበላበት እንጀራው ነው፤ ገና ዕዳው እንኳ ተከፍሎ አላለቀም።

በማግስቱ ሞተሩ አዲስ ሳለ ይታይበት ወደነበረው ጋራዥ ወሰድነው። ንጹሕ ቤት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ልጆቹ ቱታቸው የታጠበ። አንድ ትሑት ወጣት ዞር ዞር ብሎ አየውና ወረቀት አትሞ ሰጠን። የፊት ሾክ ሁለቱም ይለወጣሉ። መሪው ይለወጣል። ሰልባትዮው ይለወጣል። የፍሪሲዮን እጀታ ከነማቀፊያው፣ የማርሽ ፔዳል፣ ስፖኪዮ ጥንድ፣ ፍሬቻ ጥንድ። ከእጅ ዋጋ ጋር 43,600 ብር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ይቃናል» የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረበትም።

ወጣቱን አልወቅስም። እንዲያ ነው የተማረው፤ መደርደሪያው ላይ ያለውም እንዲያ ነው የሚለው። እኔ ግን በሞተር ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ሞተሩን እየገፋን ወደ ጥንቱ መካኒኬ ወደ ሐጂ ወረድን።

ከሐጂ ጋር ያለን ትውውቅ የቆየ ነው። በ1980 ዓ.ም. የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ወሎ ውስጥ ስመደብ ከመሥሪያ ቤቱ የተረከብኩት አንድ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ መርፌዎችና አንድ ያማሃ ኤጂ 100 ነበር። ያን ሞተር የሚያውቅ ያውቀዋል። በጃፓን የተሠራው ለገበሬና ለከብት አርቢ ነው፤ ስሙ ላይ ያሉት ሁለቱ ፊደላትም ከእርሻ የመጡ ናቸው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይነድዳል፣ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ይተዋል። ካቴናው ጭቃ እንዳይነካው በቆርቆሮ ሣጥን ተሸፍኗል። የጎን መቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ በየትኛው በኩል እንደምታቆመው ምርጫው ያንተ ነው። የእጅ መያዣዎቹን ከውጭ አቅፎ የሚዞር ወፍራም ብረት አለው፤ ሞተሩን ግራና ቀኝ የሚከላከል ሌላ ብረት አለው። ሠሪዎቹ እንደሚወድቅ አውቀው ነው የሠሩት። ሲወድቅ መሬት የሚነካው እነዚያ ብረቶች እንጂ እጀታው ወይም ፔዳሉ አይደለም።

የምንከትበው የደስታ በሽታን ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገሩን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣው እርሱ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም እኛ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርን እናሳድደው ነበር። ክትባቱ ሙቀት አይችልም፤ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለብህ። ስለዚህ ከኩታበር እስከ ወረኢሉ፣ በክረምት ጭቃ በበጋ አቧራ፣ ሳጥኑን ከኋላ አስሬ እበር ነበር። ሕፃናቱ ድምፁን ከሩቅ ሰምተው «ዶቅዶቄ መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። ስሙን ያወጣለት ራሱ ድምፁ ነው። ዛሬ ሁሉም «ሞተር» ይለዋል፤ ዶቅዶቄ የሚለው የቀረው በእኛ በዕድሜ በገፋነው አፍ ነው።

ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ አልቆጠርኩትም። አንዴ ከቦርከና ማዶ የረጠበ ጥቁር አፈር ላይ ሁለቱም ጎማ ከሥሬ ሸሽቶ ሳጥኑን ደረቴ ላይ አቅፌ ቀረሁ፤ ሞተሩ ብቻውን ተንሸራቶ ቦይ ገባ። ከገበሬዎች ጋር አውጥተን፣ መከላከያ ብረቱን በእንጨት ጎትተን፣ በጎማው መሐል የተጠቀጠቀውን ጭቃና ሳር ጠርገን ጉዞ ቀጠልኩ። የዚያን ቀን መከተብ የነበረባቸው ከብቶች በሙሉ ተከተቡ። ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ሲታወቅ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም ጠፋ ሲባል፣ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ቦይና ያ ሞተር ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሞተሬ የገባበት ጋራዥ አንድ ብቻ ነው፤ የሐጂ።

ስማቸውን የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ የሚጠራቸው ግን የለም። ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ከፊት ለፊቷ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ እንደ መቀመጫ የተጋደመባት ቤት ናት። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ሥራውን የጀመሩት በ1945 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደሴ ከቀረ አንድ ጣሊያን ዘንድ ቡሎን በናፍጣ በማጠብ ነው።

አባታቸው ተቃውመው እንደነበር ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። የጣሊያኑን ሃይማኖት ፈርተው አይደለም፤ ብረቱን ፈርተው ነው። ልጄ ጠይብ ሊሆን ነው ብለው። ይህን የዛሬ ልጅ ላይገባው ይችላል። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው በሀገራችን ማረሻውን ሠርቶ ይሰጥህና አብሮህ እንዲበላ አትፈልግም ነበር፤ ቡዳ ነው ትለዋለህ፣ ልጅህን አትድርለትም። አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሙያቸው የሚሰድብ እንዲታረም አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና አዲስ አበባ አድርሶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። አዋጁና መኪናዋ አንድ ዓመት ላይ መገናኘታቸውን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የሚሰደበውን ሰው የግድ የምትፈልግ ዕቃ እኮ ነው ሀገር የገባችው። ብዙም ሳይቆይ በኋላ ነጋድራስ የሆኑት ተሰማ እሸቴ የመኪናን ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው እዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጻቸው ነው። እኔ ግን ባለቅኔና የቤተ መንግሥት ሰው ሆነው በሞተር ዘይት እጃቸውን ማቆሸሻቸውን ነው የማከብረው።

አዋጅ ግን ቶሎ ልብ ውስጥ አይገባም። የሐጂ አባት አዋጁ ከወጣ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላም ልጃቸውን ሰው ያማብኛል ብለው ይፈሩ ነበር። የፈታላቸው ገንዘቡ ነው። ልጁ በሳምንት ያመጣት የነበረችው ሳንቲም ከእርሻው በላይ ቤት ሞላች።

ጋራዥ ደሴ ላይ ለምን እንዲያ በረታ ለሚለኝ ሰው መንገዱን ነው የማሳየው። ጣሊያን ደሴን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ያዘ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ከአስመራ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ሠራ፣ ጣርማ በር ላይ ተራራ በሳ። ያ መንገድ ደሴን ቁጭ ብላ የምታሳልፍ ከተማ አደረጋት። ከሰሜን የመጣ ካሚዮን አምባላጌንና አላማጣን ወርዶ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፤ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው ደግሞ ሐረጎን ከመውረዱ በፊት ፍሬኑን ማሳየት አለበት። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዞቹ ጣሊያኖቹ ተጠራርገው እንዲወጡ ሲፈልጉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጆቹ እንዲቀሩ ፈለጉ። የቀሩት ጋራዥ ከፈቱ፣ ቶርኖ ተከሉ፣ ልጆች ቀጠሩ። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተግባረ እድ ተከፍቶ ሙያውን በደብተር የሚያስተምር ትምህርት ቤት መጣ፤ የደሴ ልጅ ግን የተማረው በጆሮውና በጥፊ ነው።

በጆሮ መማሩ ከአፋችን አይጠፋም። ጣሊያኑ «ካቻቢቴ!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ልጁ የጠመዝማዛ ሚስማር መፍቻውን ማቀበል አለበት፤ ፒንሳ ቢያቀብል ያገኘዋል። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ሁሉም እንዲያ እጅ በእጅ የገቡ ቃላት ናቸው። ከመነዳሪ የምንለው የጎማ ውስጠኛ ጎማ በእነርሱ አፍ የአየር ክፍል ማለት ነው። ስፖኪዮ መስታወት ነው። ፍሬቻ ደግሞ ቀስት ማለት ነው፤ የድሮ መኪና ሲታጠፍ መብራት አያበራም፣ ከጎኑ እንደ ቀስት ያለች ክንድ ትወጣ ነበር። ሐጂ ይህን ሲያስረዱኝ ክንዳቸውን ከጎናቸው ብድግ አድርገው አሳይተውኛል። ያ ቀስት ከመኪና ላይ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የልጄ ሞተር ላይ በሽቦ የተንጠለጠለችው ፕላስቲክ ግን እስከ ዛሬ ስሙን ይዛለች።

ሞተር ሳይክል ከመኪናው ኋላ ነው ለሐጂ የመጣላቸው። መጀመሪያ ጣሊያኖች ትተዋቸው የሄዱ ጥቂት ሞቶ ጉዚዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ የነጋዴ ልጆች የሚነዱት ቬስፓ መጣ። ብዛቱ የመጣው ግን ከመሥሪያ ቤቶች ነው። የወባ መከላከያ፣ የእርሻ፣ የእንስሳት ጤና፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደግሞ የርዳታ ድርጅቶች። ወሎ ውስጥ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ብዙ ስለነበር ሞተር የበቅሎን ቦታ ያዘ። በቅሎ ግን ስትወድቅ ራሷ ትነሣለች።

በደርግ ዘመን ሙያውን ያበሰለው ችግር ነው። አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ በወረቀት ላይ እንዲያ ነው። ሱቁ ውስጥ ግን መለዋወጫው የለም፤ የውጭ ምንዛሬው የመንግሥት ነው፣ ትላልቆቹ አስመጪዎች ተወርሰዋል። መሥሪያ ቤታችን ለአንድ የክላች ሸራ ጥያቄ ጽፎ አንድ ዓመት ጠብቋል። ስለዚህ ሐጂ የማይሠሩት ነገር አልነበረም። ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመዶሻ ጫፍ እየቆረቆሩ ይቀርጻሉ። የእግር መርገጫ ጎማ ከካሚዮን ኮፐርቶን ይቆርጣሉ። የተሰበረ ፕላስቲክ በጋለ ሽቦ እንደ ቁስል ይሰፋሉ። የወደቀ ሞተር ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ተሰበረ?» ብለው አይደለም፤ «ምን ጎበጠ?» ብለው ነው። የጎበጠ ገና አልሞተም ማለት ነው።

ፍሬውን ያየሁት እኔ ነኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ለኤጂዬ የተገዛለት አዲስ ዕቃ ካንዴላ፣ ከመነዳሪና አንድ የፍሬን ሸራ ነው። ሌላው ሁሉ ተቃንቷል፣ ተበይዷል፣ በቶርኖ ተሠርቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቀስ ብሎ ስለመጣ ማንም ልብ አላለውም። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። ዋጋው ቢጨምርም ንግዱ ተከፈተ፤ ዕቃው ገባ። ቀጥሎ የህንድና የቻይና ሞተሮች እየበዙ መጡ፣ ባጃጁም መንገዱን ሞላ። መለዋወጫቸው ርካሽ ነበር፤ አንድ የፍሪሲዮን እጀታ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ከሆነ ማን ግማሽ ቀን ተቀምጦ ያቃናል? ሐጂም ራሳቸው «ግዛው፣ ይሻልሃል» ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የቀጠሩት ልጅ ሁሉ መፍታትና መግጠም ብቻ ተማረ። ፈትቶ መግጠም በሦስት ወር ይለመዳል፤ ብረት እስከ የት ድረስ እንደሚታዘዝ ማወቅ ግን ዓመታት ይወስዳል፣ እነዚያን ዓመታት የሚከፍል አልነበረም።

ርካሹ ዘመን አበቃ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመቱ ሳይዞር ከእጥፍ በላይ ሆነ። መለዋወጫ ሁሉ በዶላር የሚመጣ ነው። የእጀታው ዋጋ እንደ ድሮው ውድ ሆነ፣ እጅግም ባሰ። ያኔ ውድ ሲሆን የሚያቃና እጅ ነበረ። አሁን ውድ ሲሆን ያ እጅ የለም፤ በርካሹ ዘመን ተበትኗል። የልጄ ወረቀት ላይ ያለው 43,600 ብር ከዚህ ነው የመጣው፤ የዕቃው ዋጋ በአንድ ወገን፣ የሙያው መጥፋት በሌላ ወገን። ስለ ምንዛሬው ሰው ሁሉ ሲያወራ እሰማለሁ። ስለ ሁለተኛው የሚያወራ ስላላገኘሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ሐጂ ግንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ጋራዣቸው ተዘርፎ ከጣሊያኑ የወረሱት የመፍቻ ሣጥን ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠሩት በተሰበሰበ ዕቃ ነው። ሞተሩን አይተው አልተነሡም። ልጄን «ጎማውን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ» ብለው ከፊት ለፊት ራቅ ብለው አጎንብሰው ተመለከቱ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደሚያነጣጥር ሰው፣ የሾኮቹን እግር አንዱን በሌላው እየለኩ።

«ሾኩ ይለወጣል አሉህ?» አሉኝ።

«ሁለቱም አሉኝ፣ ሐጂ።»

«ወላሂ ምንም አልሆነም። ዞሯል እንጂ አልጎበጠም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለቱ እግሮች ላይኛው ጫፋቸው ላይ በማቀፊያ ተይዘው በቡሎን ነው የሚጠበቁት። ሞተር ቆሞ ሲወድቅ መሪው መሬት ይመታና እግሮቹ ማቀፊያቸው ውስጥ ትንሽ ይሾራሉ። ከላይ ሲያዩት የተጣመመ ይመስላል። ሐጂ የላይኛውንና የታችኛውን ማቀፊያ ቡሎኖች ሳያወጡ አላሏቸው፤ የጎማውንም አክስል ዳዶ እንዲሁ። ከዚያ ከሞተሩ ፊት ቆመው የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አስገብተው ጨመቁት፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው! «ቢስሚላህ» ብለው አንድ ጊዜ መለሱት። ትንሽ አለፈ። በግማሽ ጣት ያህል ወደ ኋላ አመጡት። ልጄን ኮርቻው ላይ አስቀምጠው ሾኩን ሦስት አራት ጊዜ አስነጠሩትና፣ ከታች ወደ ላይ እያሉ ቡሎኖቹን በተራ አጠበቁ። የሻይ መጠጫ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ወረቀቱ ላይ ትልቁ ዋጋ የዚህ ነበር።

እጀታውን ፈትተው ልብስ ማጠቢያ ሳሙና አምጡልኝ አሉ። ደረቁን ሳሙና የጎበጠው ቦታ ላይ እንደ ጠመኔ አሰመሩበት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይቀላም፤ ሲሞቅ መልኩን አይለውጥም፣ ሳታስበው ቀልጦ ይወርዳል። ሳሙናው ግን ይናገራል። ከሥሩ እሳቱን እያንቀሳቀሱ ሲያሞቁ መስመሩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ የተቆላ ቡና መሰለ። ያኔ እሳቱን አንስተው በሁለት የእንጨት ቁራጭ መሐል አስገብተው በዝግታ ገፉት። አንድ ጊዜ ገፍተው፣ አሳርፈው፣ እንደገና አሙቀው። ብረቱ ሲመለስ ድምፅ የለውም። ልጄ ትንፋሹን ይዞ ያያል፤ እኔም።

የማርሽ ፔዳሉን ከዘንጉ ላይ ነቅለው ነው ያቃኑት፤ በቦታው እያለ ቢመታ የሚጎብጠው ዘንጉ ነው፣ ዘንጉ ከጎበጠ ሞተሩ ይከፈታል። ሰልባትዮውን ቤንዚኑን ገልብጠው፣ ውኃ ሞልተው ሁለቴ አጠቡት። ባዶ ሰልባትዮ ከሞላው ይልቅ ይገድላል፤ የሚፈነዳው ቤንዚኑ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው። ከአፉ በኩል የተጠመዘዘ ፌሮ አስገብተው ስርጉዱን ከውስጥ ገፉት። ሙሉ በሙሉ አልወጣም። እጅህን ብታሳልፍበት አሁንም ትንሽ ጎድጓዳ ይሰማሃል። «ውኃ አይዝም፣ ነዳጅ አያፈስም፤ ይበቃዋል» አሉ።

ከዚያ ሳንጠይቃቸው ወደ ቀኝ ዞሩ። ያልወደቀበት ጎን ነው። የፊት ፍሬኑን እጀታ በጣታቸው ዳስሰው፣ በጥፍራቸው አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ቧጠጡት። ከማጠፊያው ሥር ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች፤ ከዚህ በፊት የወደቀበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ልጄ አንገቱን ደፋ፤ ለእኔ አልነገረኝም ነበር። «ይህን አላቃናም፣ አልበይድም» አሉ ሐጂ። «የፍሬን ነገር አይበየድም። ሂድና አዲስ ግዛ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ።» ሰውየው ሁሉን ነገር አቃናለሁ የሚሉ ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ ባልታመኑ።

የፍሬኑን እጀታ በ900 ብር፣ አንድ ስፖኪዮ በ450 ብር ገዛን። ፍሬቻዋን በጋለ ሽቦ ሰፏት። የእጃቸውን ስጠይቃቸው 2,500 ብር አሉ፤ የሾኩን አልቆጠሩም። «ለጉልበት አላስከፍልም፣ ዶክተር» አሉኝ። የገጠሩ ሰው ያወጣልኝን ስም እርሳቸውም ይጠሩኛል፤ ዶክተር ሆኜ አላውቅም። 3,850 ብር ሆነ በጠቅላላ።

ሐጂ ዘንድ አሁን አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለ። ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ያን ቀን ሳሙናውን ያመጣው እርሱ ነበር። የተቃናውን የፍሪሲዮን እጀታ መሪው ላይ መልሶ እንዲገጥም ሐጂ ለእርሱ ሰጡት። ልጁ ቡሎኖቹን በሙሉ ኃይሉ፣ ጥርሱን ነክሶ አጠበቃቸው። ሐጂ መፍቻውን ተቀበሉትና ሩብ ዙር አላሉ። እጀታውን በመዳፋቸው መታ ሲያደርጉት ማቀፊያው መሪው ላይ ትንሽ ዞረ።

«ለምን ያላሉታል፣ ሐጂ?» አለ ልጁ።

«ሲወድቅ እንዲዞር ነው። ከጠበቀ ይሰበራል፤ ከዞረ ትመልሰዋለህ» አሉና መፍቻውን መልሰው ሰጡት። «በል የቀኙንም አንተ አላላው።»